የእንጉዳይን ስኳር መለወጥ፦ ቀለሙ ስለ ጠፋ መድኃኒት ተገኘ ማለት ነውን?

በደጋው አገር ያደግን ሰዎች እንጉዳይን በልጅነታችን የምናውቀው «የጅብ ጥላ» በሚል ስሙ ነው። ክረምት ሲገባ ከበሰበሰ ግንድና ከከብት በረት አጠገብ ሌሊቱን ፈልቶ ያድራል፤ ልጆች በእግራቸው መትተው ያልፉታል እንጂ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው አልነበረም። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በአገራችንም ኦይስተር የተባለውን እንጉዳይ በገለባና በጥጥ ፍሬ ቅሪት ላይ እያበቀሉ ለገበያ የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ። ከምግቡ ጋር ግን አንድ ወሬ አብሮ መጥቷል፤ እንጉዳይ «አንቲኦክሲዳንት» ነው፣ እርጅናን ያዘገያል፣ ካንሰርን ይከላከላል የሚል ወሬ። በቤተ-ሙከራዎች ውስጥ ደግሞ የዚህ ወሬ የተማረ ወንድም ይገኛል፤ የእንጉዳዩን ስኳር በኬሚካል ብንለውጠው አንቲኦክሲዳንትነቱ የበለጠ ይጨምራል የሚል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት የመመረቂያ ጽሑፏን የምታዘጋጅ አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ ወደ ቢሯችን መጥታ ነበር። በእጇ የያዘችው ግራፍ ሁለት ዓምዶች ነበሩት። አጭሩ ከእንጉዳይ የወጣውን ፖሊሳካራይድ፣ የእርሱን ሦስት እጥፍ የሚያህለው ረጅሙ ደግሞ በኬሚካል የተለወጠውን ያመለክታል። «መምህር፣ ፊዚክሱ ይህን ልዩነት እንዴት ያብራራዋል?» ስትል ጠየቀችን። ጥያቄው መልካም ነበር፤ የዚህ ጽሑፍ መነሻም እርሱ ነው።

አቋማችንን አስቀድመን እንግለጽ። የእንጉዳይን ፖሊሳካራይድ በኬሚካዊም ሆነ በፊዚካዊ ዘዴ መለወጥ ተገቢና ፍሬያማ የምርምር መስክ ነው። ነገር ግን በሞለኪውሉ ላይ ምን እንደ ተለወጠ ሳይለይ፣ መሣሪያውም የለካው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ «አንቲኦክሲዳንትነቱ ጨመረ» ብሎ መደምደም ሳይንስ አይደለም። ይህንንም ተማሪዎቻችን ከወዲሁ ሊያውቁት ይገባል።

ስኳሩ ምን ዓይነት ስኳር ነው?

ፖሊሳካራይድ ማለት በርካታ የቀላል ስኳር ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በእንጀራችን ውስጥ ያለው ስታርችና በጥጥ ውስጥ ያለው ሴሉሎስ ሁለቱም ከግሉኮስ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ የሚበላ፣ ሌላው የሚለበስ የሆነው በዋናነት ግሉኮሶቹ በሚያያዙበት አቅጣጫ ምክንያት ነው። በእንጉዳይ የሴል ግድግዳ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፖሊሳካራይድ ቤታ-ግሉካን ይባላል፤ እርሱም እንደዚሁ የግሉኮስ ሰንሰለት ሲሆን የአያያዙ ዓይነት ግን ከሁለቱም ይለያል።

በዚህ ረገድ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሺታኬ ከተባለው የሩቅ ምሥራቅ እንጉዳይ የሚወጣው ሌንቲናን ነው። ጃፓናዊው ጎሮ ቺሃራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ የተተከለ ሳርኮማ 180 የተባለ ዕጢ እንዳያድግ እንደሚገታ አስታወቁ። የሌንቲናን ዋና ሰንሰለት በየአምስቱ ግሉኮስ ሁለት ቅርንጫፎች አሉት፤ በውኃ ውስጥም ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ገመድ ተገምደው ይኖራሉ።

የመለወጥ ሐሳብ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት በቀጣዩ ዓመት የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1970 እነዚሁ ተመራማሪዎች በጥድ ሥር ላይ ከሚያድግ ፈንገስ የሚገኘውን ፓኪማን የተባለ ግሉካን መረመሩ። ፓኪማን እንደ ተፈጥሮው በዕጢው ላይ ምንም አላደረገም። የጎን ቅርንጫፎቹን በኬሚካዊ ዘዴ ቆርጠው ካስወገዱለት በኋላ ግን ዕጢውን የሚገታ ሆኖ ተገኘ፤ አዲሱንም ውህድ ፓኪማራን አሉት። ስኳሩ ያው ስኳር ነው፤ ቅርጹ ብቻ ተለወጠ፤ ሥራው ግን ሌላ ሆነ። ይህ እውነተኛና አስደናቂ ግኝት ነው። ዛሬ በየአገሩ የሚካሄደው የማሻሻል ሥራ ሁሉ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ዘዴዎቹ በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው በሰንሰለቱ ላይ አዲስ ነገር መትከል ነው። በአንድ መስመር በተያያዘ ሰንሰለት ውስጥ እያንዳንዱ ግሉኮስ ሦስት ነፃ የሃይድሮክሲል ቡድኖች አሉት፤ በእነዚህ ላይ ሰልፌት፣ ካርቦክሲሜቲል፣ ፎስፌት ወይም አሴቲል መትከል ይቻላል። ለሰልፌቱ ክሎሮሰልፎኒክ አሲድ ከፒሪዲን ጋር፣ ለካርቦክሲሜቲሉ ሞኖክሎሮአሴቲክ አሲድ በጠንካራ አልካሊ ውስጥ፣ ሴሊኒየም ለመጨመር ደግሞ ሶዲየም ሴሌናይት ከናይትሪክ አሲድ ጋር ያገለግላሉ። ሁለተኛው ዘዴ ሰንሰለቱን ማሳጠር ነው፤ በኤንዛይም፣ በአልትራሳውንድ ወይም በጋማ ጨረር። አልትራሳውንድ በፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎችን ይፈጥራል፤ አረፋዎቹ ሲፈርሱ በሚነሣው ብርቱ ፍሰት ረጃጅም ሰንሰለቶች ከሁለቱም ወገን ይወጠሩና ወደ መካከላቸው ግድም ይበጠሳሉ። ጋማ ጨረር ደግሞ ውኃውን ሰንጥቆ ሃይድሮክሲል ራዲካል ያመነጫል፤ ሰንሰለቱን የሚቆርጠውም በአብዛኛው ይኸው ራዲካል ነው። ራዲካልን እንዲከላከል የሚፈለገው ነገር በራዲካል ተቆርጦ መዘጋጀቱን አንባቢ ልብ ይበል።

ኤሌክትሮን ጥንዱን ሲያጣ

በሞለኪውሎች ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንደ ደንቡ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ። ጥንዱን ያጣ ኤሌክትሮን የያዘ አቶም ወይም ሞለኪውል ፍሪ ራዲካል ይባላል። የጎደለውን ለመሙላት ከሌላው ሞለኪውል ሃይድሮጅን ወይም ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ የተነጠቀውም በተራው ራዲካል ይሆናል። አንቲኦክሲዳንት የምንለው ሃይድሮጅኑን ወይም ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ሰጥቶ፣ ራሱ ግን ተረጋግቶ በመቅረት ይህን ሰንሰለታዊ ነጠቃ የሚያቆመውን ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ ፊዚክስ ይመጣል። ሃይድሮጅን ለመስጠት ትስስሩን ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ ለማላቀቅ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። በቫይታሚን ኢ ውስጥ በኦክስጅኑና በሃይድሮጅኑ መካከል ያለውን ትስስር ለመበጠስ በአንድ ሞል ወደ 325 ኪሎጁል ይበቃል። እንደ አልኮልና እንደ ስኳር ባሉት ውስጥ ግን ይኸው ትስስር ወደ 440 ኪሎጁል ይፈልጋል። በስኳሩ ውስጥ ካርቦን ከሃይድሮጅን ጋር ያለው ትስስር ከዚህ ቢላላም ከቫይታሚን ኢ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በአጭሩ ስኳር ሃይድሮጅኑን በቀላሉ የማይሰጥ ንፉግ ሞለኪውል ነው።

ሐምራዊው ቀለም የጠፋው በማን ነው?

በተማሪዎቻችን ጽሑፎች ውስጥ ዘወትር የምናገኘው ፈተና ዲፒፒኤች በተባለ ውህድ የሚደረገው ነው። ዲፒፒኤች ተረጋግቶ የሚቀመጥ ሐምራዊ ራዲካል ሲሆን በ517 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይመጥጣል፤ ሃይድሮጅን ሲያገኝ ሐምራዊነቱ ጠፍቶ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የቀለሙ መድከም በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካና «ይህን ያህል በመቶ ራዲካል ተወገደ» ይባላል። ፈተናው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለዚህም ነው የተስፋፋው።

ዳሩ ግን ዲፒፒኤች ሃይድሮጅን ሲቀበል የሚያተርፈው ጉልበት በአንድ ሞል ወደ 335 ኪሎጁል ብቻ ነው። ከቫይታሚን ኢ ለመውሰድ ይህ ይበቃዋል፤ 440 ኪሎጁል ከሚጠይቀው ስኳር ለመውሰድ ግን አቅም የለውም። ንጹሕ ፖሊሳካራይድ የዲፒፒኤችን ቀለም በብርቱ ያጠፋል የሚል ውጤት ስናይ እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «በእውነት ንጹሕ ነውን?» የሚል ሊሆን ይገባል። ከእንጉዳይ በሙቅ ውኃ የሚወጣው ጭማቂ ፖሊሳካራይድ ብቻ አይደለም፤ ፕሮቲንም፣ ፊኖል የተባሉት ውህዶችም አብረው ይወጣሉ። እነዚህ ደግሞ ሃይድሮጅን በመስጠት የታወቁ ናቸው። በትንሽ መጠን ቢቀሩም ለስኳሩ የማይገባውን ምስጋና ሊያስገኙለት ይችላሉ።

ሁለተኛው ስሕተት የብርሃን ስሕተት ነው፤ ይህን በራሳችን ላይ ደርሶ አይተነዋል። የዶክትሬት ትምህርታችንን በውጭ አገር ስንከታተል የጎረቤት ቤተ-ሙከራ ባልደረቦች አንድ ግሉካን በካርቦክሲሜቲል ለውጠው ናሙናዎቹን እንድንለካላቸው ጠየቁን። ለካን። የተለወጠው ካልተለወጠው እጅግ በልጦ ታየን፤ አንድ ሳምንት ሙሉ በደስታ ሰነበትን። በኋላ አንድ ምሽት ዲፒፒኤች ከሞላ ጎደል ብርሃን በማይመጥበት በ700 ናኖሜትር ላይ ናሙናዎቹን ደግመን ብናያቸው ያልተለወጠው አሁንም ብርሃን ይጋርዳል። ምክንያቱን ለማወቅ ቱቦውን ወደ መስኮት ማንሣት በቂ ነበር፤ ፈሳሹ ደፍርሷል። ዲፒፒኤች የሚሟሟው በአልኮል ነው፤ ፖሊሳካራይድ ደግሞ በአልኮል ውስጥ ይረጋል። እንዲያውም ፖሊሳካራይድን ከጭማቂው የምንለየው አልኮል ጨምረን በማርጋት አይደለምን? የረጋው ብናኝ ብርሃኑን ሲበትነው መሣሪያው «ሐምራዊው ቀለም ገና አለ» ብሎ አነበበ። የተለወጠው ግን በደንብ ስለ ሟሟ ጥርት ያለ ነበር። ስለዚህ ያገኘነው ልዩነት በአብዛኛው የመሟሟት ልዩነት እንጂ ራዲካልን የማስወገድ ልዩነት አልነበረም። ያ ሳምንት እስከ ዛሬ ያሳፍረናል፤ ያስተማረንን ያህል ግን ብዙ መጻሕፍት አላስተማሩንም።

ከዲፒፒኤች ሌላ በሃይድሮክሲል ራዲካል የሚደረገው ፈተናም አለ። ይህ ራዲካል እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ሃይድሮጅን ነጥቆ ውኃ ሲሆን በአንድ ሞል ወደ 500 ኪሎጁል ስለሚያተርፍ ያገኘውን የካርቦን ውህድ ሁሉ ማለት ይቻላል ያጠቃል። ስለሆነም በበቂ መጠን የተጨመረ ማንኛውም ስኳር «ያስወግደዋል»። በደማችን ውስጥ ያለው ተራ ግሉኮስም ይህን ያደርጋል፤ ነገር ግን ከራዲካል እንድትጠበቁ ስኳር ቃሙ ብሎ የሚመክር ሐኪም የለም። በተጨማሪም በዚህ ፈተና ራዲካሉ የሚመነጨው ብዙውን ጊዜ ብረትንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን በማገናኘት ነው። ሰልፌትና ካርቦክሲሜቲል የተተከለበት ሰንሰለት አሉታዊ ኃይለ-ሙል ስላለው ብረቱን ይይዘዋል። ብረቱ ከተያዘ ራዲካሉ ከመነሻውም አይወለድም። የተወለደን ማጥፋትና እንዳይወለድ መከልከል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በግራፉ ላይ ግን አንድ ዓምድ ሆነው ይታያሉ።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ይህ ነው። ክሎሮሰልፎኒክ አሲድም ሆነ ናይትሪክ አሲድ አዲሱን ቡድን ከመትከል አልፎ ሰንሰለቱንም ይቆርጣል። ስለዚህ አንድ ነገር ለወጥን ስንል የለወጥነው ቢያንስ ሁለት ነው፤ ርዝመቱንና የተተከለውን። ሰንሰለት ሲያጥር በቀላሉ ይሟሟል፤ ኤሌክትሮን የመስጠት ዝንባሌ ያላቸው ጫፎቹም ይበዛሉ። ለውጡን ያመጣው ሰልፌቱ ነው ወይስ ማጠሩ? ይህን ለመለየት ሰልፌት ሳይተከልበት ወደዚያው ርዝመት ያጠረ ናሙና በማወዳደሪያነት ያስፈልጋል። ይህ ማወዳደሪያ የሌለው ጽሑፍ መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው ያቀረበልን።

ከቱቦው ወደ ሰውነት

ሁሉም በትክክል ተለካ እንበል። የቱቦው ውጤት ለሰው ጤና ምን ይነግረናል? እጅግ ጥቂት። የሰው አንጀት ቤታ-ግሉካንን የሚፈጭ ኤንዛይም የለውም፤ ክብደቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰንሰለት እንዳለ ወደ ደም ገብቶ ራዲካል ያሳድዳል ማለት ያስቸግራል። አብዛኛው ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ የባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል። በጃፓን ሌንቲናን ለጨጓራ ካንሰር ሕሙማን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሲሰጥ በመርፌ እንጂ በሚዋጥ መልክ አልነበረም። ቤታ-ግሉካን በሰውነት ላይ የሚያሳየው ሥራም ቢሆን በዋናነት የሚገለጸው በተቀባዮች አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዴክቲን-1 የተባለው በመከላከያ ሴሎቻችን ላይ ያለ ፕሮቲን ቤታ-ግሉካንን የሚያውቅ ተቀባይ መሆኑ ታውቋል። ይህ ደግሞ የቅርጽ መተዋወቅ እንጂ ሃይድሮጅን የመስጠት ጉዳይ አይደለም።

ታሪክም ያስጠነቅቀናል። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 የታወቀ ታላቅ ጥናት በቱቦ ውስጥ የተመሰከረለት ቤታ-ካሮቲን ከሳንባ ካንሰር ይከላከል እንደሆነ ፈትኖ ነበር። ቤታ-ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የተካሄደ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ጉዳት በመታየቱ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴርም የምግቦችን አንቲኦክሲዳንትነት በቱቦ ልኬት ደረጃ የሚያወጣ ሰንጠረዥ ነበረው፤ ቁጥሮቹ ስለ ሰው ጤና የሚናገሩት ነገር ሳይኖር ለማስታወቂያ ስለ ዋሉ እ.ኤ.አ. በ2012 ሰንጠረዡን አነሣው።

በለውጡ ላይ የሚመጣው አደጋም መዘንጋት የለበትም። ሰልፌት የተተከለበት ፖሊሳካራይድ እንደ ሄፓሪን ደም እንዳይረጋ የማድረግ ጠባይ ሊያገኝ ይችላል። ሴሊኒየም ለአዋቂ ሰው በቀን 55 ማይክሮግራም ይመከራል፤ ከ400 ማይክሮግራም በላይ ግን እንዳይወሰድ ይከለከላል። ኬሚካል የተተከለበትን እንጉዳይ «ተፈጥሯዊ ነውና አይጎዳም» ማለት ስለዚህ ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው።

ታዲያ ሥራው ይቅር?

«መምህራን እንዲህ እያላችሁ ተማሪን ተስፋ ታስቆርጣላችሁ» የሚሉን አሉ። ወቀሳው ቀላል አይደለም፤ ውድ መሣሪያ በሌለበት አገር ዲፒፒኤችና አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር ብዙ ተማሪዎችን ለምርምር ያበቁ ናቸው። እኛም ይቅር አንልም። ቤታ-ግሉካንን ሟሟ ማድረግ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብረት የሚይዝ ሰንሰለትም በዘይትና በምግብ ላይ የሚደርሰውን መበላሸት ለማዘግየት ይረዳ እንደሆነ መፈተን ይገባዋል፤ በዚያ ቦታ የቱቦው ኬሚስትሪ ከእውነተኛው ጉዳይ ጋር ይቀራረባልና። ያልነው ፈተናው የሚናገረውን ብቻ እናናግረው ነው።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ከገንዘብ ይልቅ ጥንቃቄ ነው። ዲፒፒኤች ያልተጨመረበትን የናሙናውን ብቻ ልኬት መቀነስ፤ ድፍርስነትን በ700 ናኖሜትር ማረጋገጥ፤ በናሙናው ውስጥ የቀረውን ፊኖልና ፕሮቲን መለካት፤ ስንት ቡድን እንደ ተተከለና ሰንሰለቱ ስንት እንዳጠረ ለየብቻ መግለጽ፤ ብረት የመያዝ ችሎታን ለብቻው መፈተን። ይህ ሁሉ ባሉን መሣሪያዎች አብዛኛው ይቻላል። ራዲካሉን በቀጥታ ማየት ለሚሻ ደግሞ ፊዚክስ ሌላ ዓይን አለው። የቭጌኒ ዛቮይስኪ እ.ኤ.አ. በ1944 በካዛን ያገኘው ኤሌክትሮን ስፒን ሬዞናንስ ጥንዱን ያጣውን ኤሌክትሮን በማግኔታዊ መስክ ውስጥ አስገብቶ ምላሹን ያነባል፤ ቀለምም ድፍርስነትም አያታልለውም። መሣሪያው ውድ ነው፤ ነገር ግን የኬሚስትሪና የፊዚክስ ክፍሎች እርስ በርስ በር ቢያንኳኩ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተባብሮ መጠቀም የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ያቺ ተማሪ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ መጥታ ነበር። ናሙናውን አጥርታ፣ ማወዳደሪያዎቹን ጨምራ ደግማ ለካችው። ረጅሙ ዓምድ እጅግ አጥሮ ከአጭሩ ጥቂት ብቻ በልጦ ቀርቷል። ፊቷ ላይ ቅሬታ አይተናል፤ አማካሪዋም ጽሑፉ «ደካማ» እንዳይባል ሰግቶ እንደ ነበር ነገረችን። ሆኖም አዲስ ምዕራፍ ጨምራለች፤ የመጀመሪያው ልዩነት ከየት እንደ መጣ አንድ በአንድ የሚያስረዳ ምዕራፍ። እኛ ከጽሑፉ ሁሉ አብልጠን የምናከብረው ያንን ምዕራፍ ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። አጭር ቢሆንም እውነት የሆነ ዓምድ ሌላው ሰው የሚቆምበት መሠረት ይሆናል፤ ረጅሙ የውሸት ዓምድ ግን ነገ እንጉዳይ እየቃመ መድኃኒቱን ትቶ በሚቀመጥ አንድ ሕመምተኛ ላይ ሊወድቅ ይችላል።